የመጥረጊያው እጀታ

ጸጥታ ስጦታ ይሆናል? ከአባቱ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖረው ልጅ እርግጠኛ አልነበረም። አናጢው የመጨረሻውን ጣውላ በወፍራሙ የላስቲክ ንጣፍ ላይ አጋደመ፤ ግድግዳውን እንዳይነካም በዙሪያው የጣት ስፋት ክፍተት ተወለትና ወገቡን ይዞ ቆመ።

"ይኸው ወንድሜ፣ ወለልህ ከምንም ጋር አልተነካካም። አሁን ዝሆን ቢጨፍርበት እንኳ ታች ያሉት አባትህ አይሰሙም። እስቲ ሞክረው!"

ልጅየው በተረከዙ መታው። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባትየው ወዲያው በመጥረጊያ እጀታ ኮርኒሱን ይደበድቡ ነበር። ከተኳረፉ ወዲህ በመካከላቸው የቀረው ንግግር ይኸው ብቻ ነበር፤ እሱ ይረግጣል፣ እሳቸው ያንኳኳሉ። እሱም እንዲህ ያለውን ወለል ውጭ አገር ሲማር አይቶት ነበርና፣ አባቱ እረፍት እንዲያገኙ ብሎ አሠራው።

አሁንም ጠንከር አድርጎ ረገጠ። ከታች ድምፅ የለም።

"አላልኩህም?" አለ አናጢው እየሳቀ።

ልጅየው ቁጢጥ ብሎ ጣቱን በክፍተቱ ውስጥ አስገባ። ጣቱ ያለ ችግር ገባ፤ ሥራው እንከን አልነበረውም። አናጢው መሣሪያውን ሰብስቦ ሲወጣ፣ ልጅየው ስልኩን አወጣና ለአባቱ ጻፈ፦ "አባባ፣ አለሁ።"

መልእክቱ ሄደ። መልስ ግን ከቶ አልመጣም።