ቆመው የቀሩ ሽማግሌዎች

ሦስቱ ሽማግሌዎች ገና ከበሩ ሲገቡ «እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» ብለው ድርቅ አሉ። ውባለምም ቁሙ ብላ ተወቻቸው። የአገር ቤቱ ወግ ሚኒያፖሊስ ድረስ፣ ያውም በአሜሪካ ፉትቦል ክለብ መኪና ተጭኖ መምጣቱ አሳቃት።

ክለቦቹ የጨዋታ ስልታቸው ለተቀናቃኝ እንዳይሸጥ፣ የዓመቱ ውድድር ባለቀ ቁጥር የተጫዋቹን ትዝታ ያጥባሉ። ስልቱን ለይቶ ማውጣት አይቻልምና ዓመቱ እንዳለ ይሄዳል። ተጫዋቹ ባሏ ኢዮስያስም ዛሬ ጠዋት ትዝታው ታጥቦ መጥቶ ጓዳ ተኝቷል። ለከርሞ እንዲጫወት ደግሞ ሚስት መፍቀድ አለባት፤ ክለቡ ሽማግሌ የላከው ለዚህ ነው።

«አንድ ዓመት ምን አላት ልጄ?» አሉ አቶ ደምሰው። «አገር የሚያጨበጭብለት ባል አግኝተሽ!»

«ያጨበጨበውማ ያስታውሳል፤ የተጨበጨበለት ነው የማያስታውሰው። ካፖርቱ አምሮብዎታል ጋሼ፤ ክለቡ ነው ያለበሰዎት?»

«ኧረ ምላስሽን!»

ይህን ጊዜ ኢዮስያስ ዓይኑን እያሻሸ ወጣ። ሽማግሌዎቹ እንደ ቆሙ፣ ውባለም ፊታቸው እንደ ተቀመጠች ሲያይ ፊቱ በራ። አቶ ደምሰውን ወደ ጥግ ሳብ አደረጋቸው።

«ጋሼ፣ እኔ ልልክዎ ሳስብ ቀደሙኝ እንዴ?» አለ በሹክሹክታ። «እሺ አለች? ታገባኛለች?»

አቶ ደምሰው አንገታቸውን ደፉ። ባለፈው መስከረም ለእሱ ብለው አባቷ ፊት የቆሙት፣ በሠርጉም ቀን የመረቁት እሳቸው ነበሩ።

ሹክሹክታው የደረሳት ውባለም ተነሥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«እኔስ እሺ ብዬው ነበር» አለች። «ለክለባችሁ ግን ሁለተኛ አልድረውም።»