የጉልበት ቅርንጫፍ

በሰው ሁሉ ደም ውስጥ ከፖሊመር የተሠራች፣ ለዓይን የማትታይ ዛፍ ከተተከለች ወዲህ፣ ሕመም ብቅ ባለበት ሁሉ አንዷ ቅርንጫፍ ወዲያው መድኃኒቷን ታራግፍበታለች። አቶ ድንበሩ ግን ተቸገሩ፤ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ "እግዜር ይማርዎ" የሚል ጠያቂ ካዩ ሦስት ዓመት ሞላቸው።

ክሊኒክ ሄደው ነርሷን፣ "ልጄ፣ የጉልበቴን ቅርንጫፍ ቁረጪልኝ" ብለው ለምነው አስቆረጡ።

በማግስቱ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ወሬውን ሰምተው ብርቱካን ይዘው ከተፍ አሉ። አቶ ድንበሩ በደስታ አቃሰቱ።

"እኔን! በጣም ያምዎታል?" አሉና ወይዘሮ አስካለ ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ፣ "ወይኔ ወገቤን!" ብለው ጮኹ።

አቶ ድንበሩ አፈጠጡባቸው። "እርስዎም አስቆረጡ እንዴ?"

"ካስቆረጥኩ ሳምንቴ!" አሉ ወይዘሮ አስካለ፣ ብርቱካኑን መልሰው እያነሱ፤ "እርስዎ መቼ ጠየቁኝ?"