የትርንጎ ትራስ

«ዛሬም እሱው ነበረ!» አለ መርዕድ ከጀልባዋ ጓዳ እየወጣ። «የሞተ ባልሽን ሳይ መዋል ሰልችቶኛል።»

ትርንጎ መሪውን እንደያዘች ዞር አላለችም። «ሕልሙ የኔ ነው። አንተ የተኛህልኝ ነህ።»

ሰው ለሰው መተኛት ከቻለ ወዲህ ረጅም ባሕር የሚሻገረው እንዲህ ነው፤ አንዱ ለሁለት ይተኛል፣ ሌላው ሳይደክመው ጀልባዋን ይነዳል። የነቃው ሰው ሕልምም ለተኛው ብቻ ይታያል።

«ደግሞ ይስቃል!»

«ሳቀ?» እጇ መሪው ላይ ላላ። «ምን ለብሶ?»

«ምን አገባኝ! ቢጫ ሹራብ። ዓሣ እየጠበሰ።»

«እኔ ከጅቡቲ ከተነሳን አንድ ቀን አላየሁትም። አንተ በየቀኑ እያየኸው፣ አንተው ትቀናለህ?»

መርዕድ ወደ ጓዳው ዞረ። በጓዳው በር የሷ መኝታ ይታያል፤ ትራሷ ከቤት ሲወጡ እንደተተኮሰ ነው፤ ራስ አላረፈበትም።

ቀረብ ብሎ መሪውን ተቀበላት።

«ነፋሱ ከግራ ነው» አለችው።

«አየሁት።»

ትርንጎ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወደ ጓዳው ወረደች። እሱ ዓይኑን ከሸራው አላነሳም።