የሙዚየሙ ጉዞ ስም ዝርዝር

የቀበሌው ሊቀመንበር ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ አየር ላይ ያዘው። ከፊቱ መምህርቷ ያመጣችው የስም ዝርዝር ተዘርግቷል፤ አራት ኪሎ ወርደው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙን የሚጎበኙ አሥራ ሁለት የሽሮ ሜዳ ልጆች፣ ሁሉም ወንዶች፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች። አውቶቡስ የሚፈቀደው አሥራ ስምንት ዓመት ለሞላው ወጣት ብቻ ነው ስለተባለች፣ በየስማቸው አንጻር አሥራ ስምንት ብላ ጽፋ፣ ግርጌው ላይ «ትክክል ነው» ብላ ፈርማለች። ትልቁ ልጅ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው።

«አበጀሽ ጓድ መምህርት» አለና ማኅተሙን አሳረፈው። «ለብሔራዊ ውትድርና ዘጠኝ ወጣት ጎሎን ነበር፤ አንቺ አሥራ ሁለት አመጣሽልን። አውቶቡሱ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ጋቢ እንዲይዙ ንገሪያቸው፤ ማሠልጠኛው ይበርዳል።»

«ልጆች እኮ ናቸው፣ ዕድሜያቸውን...»

ሊቀመንበሩ ጣቱን ፊርማዋ ላይ አኖረ። «አብዮቱን ነው የዋሸሽው?»

ወደ በሩ ዞረች። ስትወጣ ልጆቹ ደጅ ተኮልኩለው ይጠብቋት ነበር።

«ቲቸር፣ ተፈቀደ?»

«ተፈቅዷል!» አለ ሊቀመንበሩ ከኋላዋ። ልጆቹ በጭብጨባ አቀለጡት። እሱም እሷን እያየ አጨበጨበ፤ የእሷም እጆች ለጭብጨባ እስኪነሡ ድረስ አላቆመም።