ከዴስኩ ስትነሳ

«እማዬ፣ ሳትመዘኚ መክሳትሽን በምን ታውቂያለሽ?» ልጇ ጠዋት ስትጠይቃት፣ ሦስት ወር ሙሉ ስኳር የተወችው እናት «ማታ እነግርሻለሁ» ብላት ወጣች።

ከሰዓት በኋላ የጎልማሶች ክፍል መምህሩ «እትዬ፣ መጥተው ስምዎን ይጻፉ» አላት። ዴስኩ የሕፃናት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ስትነሳ አብሯት ተነስቶ፣ ሁለት ሰዎች ጎትተው ነው ያላቀቋት። አሁን ፈራ ተባ እያለች ብድግ ስትል ዴስኩ ንቅንቅ አላለም። በደስታ ሰሌዳው ጋ ደርሳ ጠመኔ ስታነሳ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ገና አንድ ፊደል አልጻፈችም፤ ምኑን ተሳሳተች?

«ኧረ ጉርድሽን!» አለቻት የዴስክ ጓደኛዋ እንባዋን እየጠረገች። «ሚስማር ይዞታል!»

ጎንበስ ብላ ረጅሙን የውስጥ ቀሚሷን አየች። ባለላስቲኩ ጉርድ ከወገቧ ሲወርድ አልተሰማትም ነበር። እፍረት ቢይዛትም ስሟን ጽፋ ጨረሰች። ለልጇም መልስ አገኘች፦ እሷ ወጥታለች፤ ጉርዷ ዴስኩ ላይ ቀርቷል።