እንዳይደነግጡ

ሚስቴ በግራ ጎኗ ተጋድማለች፤ ፊቷ በመስታወት ገንዳ ወዳሉት ዓሣዎቻችን ነው። ስምንት ወሯ ነው። አዋላጇ በስልክ ያዘዘችን ይህንኑ ነው፦ ጣፋጭ ነገር ጠጥታ፣ በግራዋ ተኝታ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ የሕፃኑን እንቅስቃሴ ትቁጠር። አሥር ካልሞላ ዛሬውኑ ኑ ብላለች። ሃያ ደቂቃ አለፈ። አንድም አልቆጠርንም።

ከግድግዳው ማዶ ጎረቤታችን አናጢው ድሪሉን ያስነሣል። የመስታወቱ ገንዳ ውሃ ይርገፈገፋል።

“በቃ፣ ዛሬ ቤቱን ላያችን ላይ ሊንደው ነው” ትላለች ሚስቴ። ልትቀልድ ነው የፈለገችው፤ ድምፅዋ ግን አልታዘዘላትም።

ሻለቃ የምንለው ወንዱ ዓሣ፣ ሲክሊድ የሚባለው ቁጡ ዝርያ፣ መስታወቱን በአፉ ይደበድባል። የመዳፌን ያህል ነው፤ አምና የመጀመሪያ ሚስቱን በአንድ ቀን ገድሏታል። ይህችኛዋን ያስለመድኩት ሁለት ወር በመስታወት ከልዬ ነው። አሁን ከተፈለፈሉ አራት ቀን የሆናቸው ጫጩቶች አሏቸው፤ ከመርፌ ጫፍ የማይበልጡ፣ ገንዳው ውስጥ ካስቀመጥነው የአበባ ሸክላ ሥር እንደ ጭስ የተሰበሰቡ። ዓሣዎቹን የሸጠልኝ ሰው፣ “እንዳይደነግጡ። ሲክሊድ ከደነገጠ ልጁን ይበላል” ብሎኝ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ቤት በር እንኳ የሚዘጋው በቀስታ ነው። ትናንት አማቴ መጥተው፣ “እኔ ስመጣ እንዲህ በጣትህ ቆመህ አታውቅም” ብለው ሳቁብኝ። ሲወጡ ግን ጠጋ ብለው፣ “ልጄንም እንዲሁ ጠብቅልኝ። ያለፈው ፅንስ በድንጋጤ ነው የወረደው” አሉኝ። ሐኪሞቹ እንደዚያ አላሉም። እኔም አላምንበትም። ዛሬ ጠዋት ግን ድሪሉ ሲጮህ ሚስቴ ከእንቅልፏ ብንን ብላ ሆዷን ያዘች፤ ከዚያ ወዲህ ሕፃኑ ዝም ብሏል።

ግድግዳውን በቡጢ እመታለሁ።

“ይቅርታ ወንድሜ” ይላል አናጢው ከማዶ፤ “አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት የቀረችኝ።”

“ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ናት” ትላለች ሚስቴ ለትራሷ።

ዘወር ስል ሴቷ ዓሣ ጫጩቶቿ ላይ አጎንብሳለች። አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ከጭሱ አንዱ ጎን ይጎድላል። ደግማ ትከፍታለች።

“ዋጠቻቸው” እላለሁ።

“ተዋት፣ አትንካት።”

መረቡን የማነሣበት ጊዜ የለኝም። እጄን እስከ ክርኔ እነክራለሁ። ሻለቃ ከሸክላው ጀርባ ተወርውሮ አውራ ጣቴን ይነክሰኛል። ደሜ ውሃው ውስጥ እንደ ክር ይመዘዛል።

“እጅህን አውጣና ጉንጯን እይ” ትላለች ሚስቴ።

የሴቷ ጉንጭ ተነፍቷል። ቀስ ብላ፣ ከአናጢው ግድግዳ ወደሚርቀው ጥግ ትዋኛለች። እዚያ አሸዋው ላይ የቆፈረችው ጉድጓድ አለ። አፏን ስትከፍት ጫጩቶቹ አንድ በአንድ ይረግፋሉ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ሌሎቹን ልታመጣ ትመለሳለች። እየበላቻቸው አልነበረም። ከጩኸቱ እያሸሸቻቸው ነው።

“የምታሸሽበት አላት” ትላለች ሚስቴ። ከዚያ፣ “እስቲ እጅህን ወዲህ አምጣው” ትለኛለች።

እርጥብ እጄን ሆዷ ላይ አኖራለሁ። ቆዳዋ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ከሥሩ የሚሰማኝ የራሷ ትንፋሽ ብቻ ነው።

“ስንት ቀረን?”

“ግማሽ ሰዓት።” የመኪናው ቁልፍ በሸሚዜ ኪስ ውስጥ ደረቴ ላይ ይከብደኛል።

ድሪሉ እንደገና ይነሣል፤ ከቅድሞቹ ሁሉ የባሰ። አልጋው ይንቀጠቀጣል። ሻለቃ መስታወቱን ይደበድባል። ሚስቴ ሂድና አስቁመው አትለኝም። እኔም አልነሣም። መዳፌን ጠበቅ አድርጌ እጎነበሳለሁ፤ አፌ ሆዷን እስኪነካ።

“ደንግጥ” እለዋለሁ። “እባክህ፣ ደንግጥልኝ።”