የረድኤት ኮምፒውተር

በዚያ ዘመን ኮምፒውተር የባለቤቱን ድምፅ ይወርሳል፤ ድምፁ ከተደመሰሰ ዕቃው አይሠራም። ስለዚህ እድሩ የሟቾችን ኮምፒውተር አድሶ ለችግረኛ ቤተሰብ የሚሰጠው ከነድምፁ ነበር።

ወይዘሮ አልጋነሽ በልጃቸው በረድኤት ሙት ዓመት፣ ኮምፒውተሯ የደረሳት ዘነበች ቤት ሄዱ።

“ድምጿን ብቻ ሰምቼ ልሂድ።”

“ይግቡ እንጂ እትዬ። ማታ ማታ ‘እማዬ፣ ክኒንሽን ዋጥሽ?’ ትላለች። ካልመለሱላት ለልጆቼ ትምህርቱን አትከፍትም፤ እኔም ‘ዋጥኩ’ እላታለሁ።”

ልጆቹ ደብተራቸውን ይዘው ተቀመጡ። ኮምፒውተሩ በራ።

“እማዬ፣ ክኒንሽን ዋጥሽ?”

“ዋጥኩ፣ ልጄ” አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ።

ረድኤት መለሰች። “ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት? እማዬን ይጥሩልኝ።”

ዘነበች አንገቷን ደፋች። ወይዘሮ አልጋነሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡ።

“ነይ፣ እየጠራችሽ ነው” አሏት። “ልጆችሽ ይማሩ እንጂ።”